አደይ፣ ዴዚ፣ ማርጋሪት ወይስ ክሪሳንተም፦ ለማን የትኛውን እንስጥ?

አበባ ቤት ገብታችሁ «ዴዚ አላችሁ?» ብትሉ ሦስት አራት ዓይነት አበባ ሊያወጡላችሁ ይችላሉ። ሁሉም መሀሉ ክብ ነው። ሁሉም ዙሪያውን ቅጠል ተደርድሮለታል። ከሩቅ ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ነገር ግን አንዱ ለአራስ ይሰጣል፣ ሌላው መቃብር ላይ ይቀመጣል። አንዱ «ይወደኛል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅበታል። የኛው አደይ ደግሞ ክረምቱ መውጣቱን ያበሥራል።

እኔ ልዩነቱን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ከዓመታት በፊት፣ በፈረንጆቹ ጥቅምት መጨረሻ፣ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ቤተሰብ እራት ጠራኝ። መንገዴ ላይ ያለው አበባ ቤት ደጃፉን በክሪሳንተም ሞልቶታል። ነጭ፣ ድቡልቡል፣ በማሰሮ የተተከለ። አንዱን ገዝቼ ሄድኩ። የቤቱ እመቤት አመስግነው ተቀበሉኝ። ፊታቸው ግን ጥቁር አለብኝ። አበባውን ወስደው ሰገነት ላይ አስቀመጡት። በኋላ ልጃቸው ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ እዚህ አገር ይህ የሙታን አበባ ነው። እናትየው ባላቸውን የቀበሩት በዚያው ዓመት ነበር። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ አበባ ስመርጥ መልኩን ብቻ አላይም። እዚያ አገር፣ እዚያ ቤት ምን ተብሎ እንደሚነገርለት እጠይቃለሁ። ከዚህ በታች ያለው በዚህ መንገድ ያጠራቀምኩት ነው።

ዝምድናቸው

እነዚህ አበቦች በሙሉ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ቤተሰቡ ከ20,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ሱፍ እዚህ ውስጥ ነው። ኑግም እዚህ ነው። የምንበላው ሰላጣ ሳይቀር ዘመዳቸው ነው።

አንድ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። አንድ አበባ መስሎ የሚታየን አንድ አይደለም። መሀሉ ላይ ያለው ቢጫ ክብ በጣም ትንንሽ አበቦች ተጠጋግተው የሠሩት ነው። ዙሪያውን ቅጠል የምንላቸውም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። አንድ ዴዚ ስትሰጡ እቅፍ ሙሉ ሰጣችሁ ማለት ነው። አደይም እንደዚሁ ነው።

አደይ አበባ፦ አበባ ቤት የማይገኘው

ከአደይ እጀምራለሁ፤ ትርጉሙ በጣም ግልጽ ነውና። «መስከረም ሲጠባ፣ አደይ ሲፈነዳ» ስንል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ዝናቡ ያባራል፣ ደመናው ይገፈፋል፣ ሜዳውና ገደሉ ቢጫ ይለብሳል። የአዲስ ዓመት ጠዋት ልጃገረዶች ነጭ ለብሰው፣ አደይና እንግጫ ይዘው በየቤቱ «አበባየሆሽ» ይላሉ። የተቀባዮቹን መልስ ልብ በሉ። «አበባ አየሽ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎ» አይደለም። «ለምለም» ነው። የአደይ ትርጉም በዚህች አንድ ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ መስቀል ይመጣል። መስከረም 16 ደመራው ሲደመር አደይ ጫፉ ላይ ይታሰራል። ይህ በዓል በ2013 በፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በትግርኛ አበባው ራሱ «ገልገለ መስቀል» ይባላል። በኢሬቻ ደግሞ ኦሮሞዎች ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ እርጥብ ሣርና ቢጫ አበባ ይዘው፣ ክረምቱን በሰላም ስላሳለፋቸው ፈጣሪን ያመሰግናሉ። በዓላቱ የተለያዩ ናቸው፤ አበባው ግን በሁሉም ላይ አንድ ነገር ይናገራል። ጨለማው አልፏል፣ ደርሰናል።

ስለዚህ አደይን ለማን እንስጥ? ለአዲስ ጅምር ሁሉ። አዲስ ቤት ለገባ፣ ከሕመም ለተነሣ፣ ከእስር ለወጣ፣ ትምህርት ለሚጀምር ልጅ። ለለቅሶ ቤት ግን እኔ አልወስደውም። ለፍቅር ጥያቄም አይሆንም። አገራችን ውስጥ ፍቅር ይጠየቅ የነበረው በሎሚ ነው፤ ጥምቀት ላይ ጎረምሳው የወደዳት ልጅ ደረት ላይ ይወረውር ነበር። አደይ የሁሉ ነው። አንድን ሰው ለይቶ አያጭም።

ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ቢጫ ሜዳ ሁሉ አደይ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከመኪና መስኮት የምናየው ቢጫ ምንጣፍ የኑግ ማሳ ወይም መጭ ነው። መጭ የኑግ የዱር ዘመድ ነው። አደይ ይበልጥ የሚቀርበው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ልብሳችን ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረንን ጨጎጊትን ነው። ሁለቱም ሳይንሳዊ ስማቸው «ቢደንስ» ይላል፤ በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። የአደይ ሁለተኛ ስሙ «ማክሮፕቴራ» ነው፤ «ትልቅ ክንፍ»። ስሙ የመጣው ከዘሩ ቅርጽ ነው።

ሁለተኛ፣ አደይ ተቆርጦ ብዙ አይቆይም። የጳጉሜን መጨረሻ ቀናት ላይ ልጆች በየመንገዱ ዳር እያሰሩ ይሸጡታል። ከዚያ ውጭ አበባ ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ አታገኙትም። እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ነው። ስትቆርጡ ከሥሩ አትንቀሉት። ጥቂቱን ተዉለት፤ ለከርሞ የሚበቅለው ከሚረግፈው ዘር ነው።

ትንሹ ዴዚ፦ የልጆቹ

እንግሊዞች ዴዚ ሲሉ መጀመሪያ የሚያስቡት ይህን ነው። ከሣር ጋር የሚበቅል፣ ቁመቱ ከጣት የማይበልጥ፣ ነጭ አበባ። አንዳንዴ ጫፉ ሮዝ ይቀባል። ማታ ቅጠሎቹን ሰብስቦ ይተኛል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይገልጣል። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው፤ በጥንታዊ እንግሊዝኛ «የቀን ዓይን» ማለት ነው።

አፈ ታሪኩ ብዙ ነው። አንዱ የሮማውያን ተብሎ የሚነገረው ነው። ቤሊስ የተባለች የዱር ቆንጆ ቬርቱምነስ የሚባል አምላክ እየተከተለ ሲያስቸግራት፣ ለማምለጥ ብላ ወደ ትንሽ አበባ ተለወጠች ይላል። የአበባው የላቲን ስምም ቤሊስ ነው። የኬልቶች፣ የጥንት አውሮፓ ሕዝቦች፣ ነው እየተባለ የሚተረከው ግን ልቤን ይነካዋል። ሳያድጉ የሞቱ ሕፃናት ነፍሶች ወላጆቻቸውን ለማጽናናት አበባ ከሰማይ ይበትናሉ፤ ያ አበባ ዴዚ ሆነ ይላል።

በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ ከድሮ ስሞቹ አንዱ «የልጆች ተክል» የሚል ነው። ልጆች ዘንጉን በጥፍራቸው ሰንጥቀው፣ አንዱን በአንዱ እያስገቡ እንደ ሰንሰለት ይጎነጉኑታል፤ አንገታቸው ላይም ያጠልቁታል። እናቶች ይህ ጉንጉን ልጁን ሰው ከሚሰርቁ የተረት ፍጥረታት ይጠብቀዋል ይሉ ነበር። ሌላም አባባል አላቸው፤ በአንድ እግር እርምጃ ብዙ ዴዚ መርገጥ ካልቻልክ ገና ብርዱ አልወጣም። ስንት መሆን አለበት በሚለው አይስማሙም። ሰባት የሚል አለ፣ ዘጠኝ የሚል አለ፣ አሥራ ሁለት የሚልም አለ።

በ1786 ስኮትላንዳዊው ገበሬና ባለቅኔ ሮበርት በርንስ ሲያርስ አንዷን ዴዚ በማረሻው ገለበጣት። አዘነላትና ግጥም ጻፈላት። ሞፈርና ቀንበር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ የሚገባው ይመስለኛል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ «የአበባ ቋንቋ» የሚሉ መጻሕፍት በጣም ይነበቡ ነበር። እያንዳንዱ አበባ የተመደበለት መልእክት አለው። ዴዚ «የዋህነት» ነው። የዱር ዴዚ ሲሆን ደግሞ «አስብበታለሁ» ማለት ነው። ሴቲቱ ላልቆረጠችለት ጠያቂ የምትልከው መልስ መሆኑ ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ዴዚ የኤፕሪል ልደተኞች አበባ ነው። የአምስተኛ ዓመት የጋብቻ በዓል አበባ የሚሉትም እሱን ነው።

ልጅ ለተወለደለት ሰው የቱን ልስጥ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ይህን እላችኋለሁ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላችሁ ስትገቡ ከገንፎው ጎን ትንሽ ነጭ ዴዚ ቢኖር ደስ ይላል። ሕፃን ለሞተበት ቤተሰብ ግን የኬልቶቹን ተረት ለማጽናኛ ብላችሁ አትናገሩ። አበባውን አስቀምጣችሁ ዝም በሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐዘንተኛ ጋ ስትሄዱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስለ ሞተ ሰው «ከታች ሆኖ ዴዚ ያበቅላል» የሚል የመንገድ አነጋገር አላቸው። መልካም አነጋገር አይደለም፤ ካርዱ ላይ ስለ ዴዚ አትጻፉ።

ማርጋሪት፦ የፍቅር ጥያቄ

ይህኛው ረጅም ዘንግ ያለው ትልቁ ነጭ ነው። ቅጠሉን አንድ በአንድ እየነቀሉ «ይወደኛል፣ አይወደኝም» የሚሉበት። ጨዋታው ዓለምን ዞሯል። አደይ ለዚህ አይመችም፤ ቅጠሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ቶሎ ያልቃሉ።

ፈረንሳዮች በሁለት መልስ ብቻ አይረኩም። አምስት ደረጃ አላቸው፦ ትንሽ ይወደኛል፣ ብዙ ይወደኛል፣ በጣም አጥብቆ፣ እስከ እብደት፣ ጭራሽ አይወደኝም። እስቲ ቁጠሩት። አበባው 21 ቅጠል ቢኖረው፣ በሁለቱ አቆጣጠር «ይወደኛል» ላይ ያበቃል። በፈረንሳዮቹ ግን «ትንሽ» ላይ ነው የሚቀረው። 34 ቢኖረው ደግሞ በሁለቱ አቆጣጠር «አይወደኝም» ይላል፤ በፈረንሳዮቹ «እስከ እብደት» ይሆናል። አበባው ያው፣ ሰውየውም ያው። መልሱን የለወጠው ቋንቋው ነው።

የስሙ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ ደስ ይለኛል። «ማርጋሪት» ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ሉል ማለት ነው። የኛን እንቁጣጣሽ አስቡ። ንግሥተ ሳባ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ መኳንንቷ «ዕንቁ ለጣጣሽ» ብለው ዕንቁ አበረከቱላት፣ የበዓሉም ስም ከዚያ መጣ ይባላል። ሁለት ሕዝቦች፣ ሳይተዋወቁ፣ ተመሳሳይ አበባን ከከበረ ድንጋይ ጋር አያያዙት።

ማርጋሪት የሴት ስም ስለሆነ አበባው የብዙ ማርጋሬቶች ምልክት ሆኗል። የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 7ኛ እናት ሌዲ ማርጋሬት ቦፎርት ካምብሪጅ ውስጥ ሁለት ኮሌጆች መሥርታለች፤ ክራይስትስና ሴንት ጆንስ። የሁለቱም በር ላይ አበባው ተቀርጾ ይታያል። የዴንማርኳ ንግሥት ማርግሬተ 2ኛ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ በቤተሰቧ «ዴዚ» ትባላለች። በ1967 ስታገባ የአያቷን በአልማዝ የተሠራ የዴዚ ጌጥ ልብሷ ላይ አድርጋ ነበር። ዙፋኗን ለልጇ የለቀቀችው በጥር 2024 ነው። ዴንማርክ ውስጥ መኪና ስትነዱ ቡናማ ሰሌዳ ላይ ነጭ አበባ ካያችሁ፣ ውብ በሆነው የአገር መጎብኛ መንገድ ላይ ናችሁ ማለት ነው።

ላትቪያም ይህን አበባ ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች። ሩሲያ ውስጥ «ሮማሽካ» ይሉታል። ከ2008 ጀምሮ በጁላይ 8 የሚከበረው የቤተሰብ፣ የፍቅርና የታማኝነት ቀን ምልክት ነው። እዚያ የተማሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር በደንብ ያውቃሉ፤ ለሕያው ሰው የአበባው ቁጥር ጎዶሎ መሆን አለበት። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ሙሉ ቁጥር የቀብር ነው። ሩሲያዊት ጓደኛ ካለቻችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ቁጠሩ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የምታዩት ትልቁ ነጭ ዴዚ ብዙ ጊዜ «ሻስታ» ነው። ካሊፎርኒያዊው ሉተር በርባንክ የአውሮፓና የጃፓን ዝርያዎችን ለዓመታት እያዳቀለ በ1901 ያወጣው ነው። ስሙን የሰጠው በሻስታ ተራራ ነው። የጥንት ተረት የለውም። ከተለያየ አገር ተሰብስቦ አዲስ አገር ላይ ሥር የሰደደ አበባ ነው። ዜግነት ለያዘ ወይም የመኖሪያ ወረቀቱ ለመጣለት ወዳጅ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ለእጮኛ፣ ለትዳር፣ ለጋብቻ በዓል ማርጋሪትን ውሰዱ። ከጽጌረዳ ይልቅ ትሑት ነው። ጽጌረዳ መልሱን የሚያውቅ ሰው አበባ ነው፤ ማርጋሪት ግን ገና ይጠይቃል። ለጀማሪ ፍቅር ይሄ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የሚካኤል ዴዚ

ይህን በአጭሩ። ሐምራዊ ነው፣ መጀመሪያ የሰሜን አሜሪካ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን በደንብ ተላምዷል። ስሙን ያገኘው በሴፕቴምበር 29 ከሚከበረው የምዕራባውያን የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው። የኛ መስቀል ሴፕቴምበር 27 ይውላል። ሁለት ቀን ብቻ! እዚያም ቤት፣ እዚህም ቤት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የበዓል ስም የወረሰ ዴዚ አለ። ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው። አደይ መግቢያ ነው። የሚካኤል ዴዚ ግን ሌላው አበባ ሁሉ ሲያልቅ የሚመጣ የመጨረሻ እንግዳ ስለሆነ፣ በአበባ ቋንቋ «ደህና ሁን» ማለት ነው። ጡረታ ለሚወጣ ወይም አገር ለሚቀይር ባልደረባ ጥሩ ነው። ለእንቁጣጣሽ አትስጡት።

ጀርበራ

ትልቅ፣ ደማቅ፣ በቀይም በብርቱካንማም በሮዝም የሚገኝ። የዱር ወላጁ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ባርበርተን ከሚባለው አካባቢ። ተረትም እርግማንም አልተጫነበትም። ሽታው አያውክም። ሆስፒታል ለተኛ ሰው፣ ለአስተማሪ፣ ለምረቃ፣ ወይም ባህሉን ለማታውቁት ሰው ጀርበራ ያስተማምናል። ዘንጉ ግን ቶሎ ይጎብጣል። የማስቀመጫው ውሃ ጥልቅ አይሁን፤ በየቀኑም ቀይሩት።

ክሪሳንተም፦ አገሩን ጠይቁ

በኔ የደረሰውን ነግሬያችኋለሁ። በፈረንሳይ፣ በቤልጂየምና በጣሊያን ክሪሳንተም በኖቬምበር መግቢያ፣ በቅዱሳን ሁሉና በሙታን መታሰቢያ ቀን፣ መቃብር ላይ የሚቀመጥ ነው። እነዚህ አገሮች ውስጥ ለሕያው ሰው፣ በተለይ ለታመመ ሰው፣ ፈጽሞ አትውሰዱ። ጣሊያን አገር ብዙ የኛ ሰው ይኖራል፤ አረጋውያንን ለሚንከባከቡ እህቶቻችን ይህ ጠቃሚ ነው።

ጃፓን ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለ 16 ቅጠሉ ክሪሳንተም የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ማኅተም ነው። ነጩ እዚያም ለቀብር ይውላል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በመጸው ወራት ከዱባ ጋር ደጃፍ ላይ የሚያስቀምጡት የቤት ማስጌጫ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም። የኛ ሰው ለቅሶ ላይ የአበባ ጉንጉን ከፈለጋችሁ ነጭ ክሪሳንተም በየትኛውም አገር ያስኬዳል።

አደይ በሌለበት መስከረም ሲጠባ

በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ልጆቹ «አበባየሆሽ» ሊሉ ነው፤ ምን ይያዙ?

እስራኤል ያላችሁ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መስኩን የሚሞላው ቢጫ ዴዚ፣ «ሐርጺት» የሚሉት፣ አደይን በጣም ያስታውሳል። የእስራኤል ልጆችም ቅጠሉን እየነቀሉ «ይወደኛል፣ አይወደኝም» ይሉበታል። ግን የሚመጣው በፋሲካ ሰሞን ነው፤ ለመስከረም አይደርስላችሁም።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ መስከረም ገና ሐሩር ነው። ለእናንተ ወረቀት እመርጣለሁ። ምትክ አድርጌ አይደለም። ወንዶች ልጆች በእንቁጣጣሽ አበባ ሥለው፣ ቀለም ቀብተው ለጎረቤት ማበርከታቸው ራሱ የበዓሉ ወግ ነው። ቢጫ እርሳስና አንድ ወረቀት ይበቃል። ፎቶ አንሥታችሁ ለእናታችሁ ብትልኩት እሳቸውም «ከብራችሁ ቆዩ» ይሏችኋል።

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይ በየመንገዱ ዳርና በየረግረጉ ቢጫ አበባ ይፈነዳል። ከነዚህ አንዱ ቢደንስ አሪስቶሳ ነው። የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስማቸው አንድ ነው፣ ወራቸውም አንድ ነው። ከመንግሥት ፓርክ ውስጥ ግን አትቁረጡ፤ ክልክል ነው።

አውሮፓ ከሆናችሁ ችግኝ መሸጫ ሄዳችሁ «ቢደንስ» በሉ። ቢደንስ ፌሩሊፎሊያ የሚባለውን ያመጡላችኋል። አገሩ ሜክሲኮና አሪዞና ነው። ቅጠሉ ስስ፣ አበባው ትንሽና ደማቅ ቢጫ ነው። በማሰሮ ይሸጣል። በፈረንጆቹ ሜይ ላይ ገዝታችሁ ፀሐይ የሚያገኝ ሰገነት ላይ አድርጉት። ውሃ አታስጠሙት፤ ግን አታድርቁት። የጠወለገውን አበባ እየቆረጣችሁ ብታነሱለት እስከ ውርጭ ድረስ ያብባል። መስከረም 1 ጠዋት፣ ልጆቹ ነጭ ልብሳቸውን ሲለብሱ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እፍኝ የሚሆን አይጠፋም።